ከመካፈል በፊት ማጣራት፦ የሟችን ውርስ ስለ ማጣራትና የተከራየውን ቤት ስለ ማስረከብ



የላስታ ሰው ሞት ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጥሩምባ ሲነፋ ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ይሰበሰባል፤ ወጣቱ መቃብር ይቆፍራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት እዝኑን ይዞ ይመጣል። ካህናቱ ፍትሐቱን ያደርሳሉ፤ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ እያለ መታሰቢያው በየተራው ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ብቻውን የሚሆነው ከዚያ በኋላ፣ የሟቹን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ሲቆም ነው። ዕቃው የማን ነው? ዕዳ ነበረበት? ባንክ ያለውን ገንዘብ ማን ያወጣል? የቤት ኪራዩስ እስከ መቼ ይቆጠራል? ለዚህ ጥሩምባ አይነፋም፤ የሚሰበሰብ ቅሬም የለም።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ነው፤ የምለውም አንድ ነገር ነው። የሟች ንብረት ከመከፋፈሉ በፊት ይጣራ። ወንድምና እህት በውርስ ሲካሰሱ ሰው ሁሉ ስስትን ያማል። እኔ ግን የብዙው ጠብ መነሻ ሌላ ነው እላለሁ፤ ሳይቆጠር የተወሰደ ዕቃ፣ ሳይጻፍ የተሰጠ ገንዘብ፣ ሳይጠየቅ የቀረ ወራሽ ነው።

ነገሩን በቅርብ እንድናየው አንድ ሰው በሐሳባችን እናቁም። የተወለደው በኩልመስክ በኩል ነው እንበል። መምህር ሆኖ ላሊበላ ከተማ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሚስቱ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ገጠር መሬታቸውን ይዛ አለች። ከዚህ ጋብቻ በፊት የወለዳት ሴት ልጁ አዲስ አበባ ትሠራለች። እናቱ አርጅተው በሕይወት አሉ። ባንክ ጥቂት ቁጠባ አለው፤ በስልኩ ቴሌብር ይጠቀማል፤ የቁጠባና ብድር ዕዳ አለበት። አንድ በሬ ለእኩል አራሽ ሰጥቷል፤ ሦስት የንብ ቀፎም አለው። ይህ ሰው በኅዳር ወር በድንገት አረፈ እንበል። ሀብቱ ብዙ አይደለም። ግን እንዲህ ያለው ትንሽ ውርስ ነው ከሁሉም በላይ የሚያጣላው፤ ምክንያቱም ለትንሽ ነገር ማንም ወረቀት አይጽፍም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ቁልፉ ነው። ከቀብር መልስ የሟችን ክፍል ማን እንደከፈተ፣ ማን እንደገባ፣ ምን እንደወጣ በኋላ አያስታውሱትም። ስለዚህ ቤቱ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ሁሉም በሚያምኑት አንድ ሰው እጅ ይሁን። ዕቃው የሚታየው ቢያንስ አንድ የቤተሰብ ሰው፣ አከራዩና ሁለት ገለልተኛ ምስክሮች ባሉበት ነው። ከልጆቹ ደብተር የተቀደደ አንድ ሉክ ወረቀት ይበቃል። አልጋው፣ ፍራሹ፣ ጋቢው፣ መሶቡ፣ ምጣዱ፣ ቴሌቪዥኑ፣ መጻሕፍቱ፣ በኪስ የተገኘው ብር፣ የባንክ ደብተሩ፣ ስልኩ፣ መታወቂያው ሁሉ ይጻፍ። መጨረሻ ላይ ያዩት ሁሉ ይፈርሙ። ይህ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፤ ያልተሠራ እንደሆነ ግን ለዓመታት የሚዘልቅ ክርክር ያመጣል።

በዚህ ቆጠራ ላይ በአካባቢያችን ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ፤ አደራ ነው። ሟች በሞተበት ወር የማኅበር ተረኛ ከነበረ ጽዋው እሱ ቤት ነው። ጽዋው የማኅበሩ እንጂ የሟች አይደለም፤ ከውርሱ ጋር አይቆጠርም፤ ለማኅበርተኛው በምስክር ይመለሳል። የቅሬ ገንዘብ ያዥ ከነበረም በሣጥኑ የተገኘው ብር የማን እንደሆነ መዝገቡን አይቶ መለየት ያስፈልጋል። የእቁብ ነገር ደግሞ ሁለት ፊት አለው፦ ዕጣው ወጥቶለት ገንዘቡን ከበላ ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነው፤ ዕጣው ካልወጣለት ደግሞ የከፈለው ሁሉ የሚጠየቅ ሀብት ነው። በሬውን የያዘው እኩል አራሽና ማሩን የሚቆርጠው ጎረቤትም ይጠየቁ፤ ስምምነቱ ምን እንደነበር ገና ትኩስ ሳለ በሽማግሌ ፊት ይናገሩ። ሰው ሳይዋሽ ይረሳል፤ ከሁለት መኸር በኋላ የሚነገር ቃል ከዛሬው ጋር አንድ አይሆንም።

ስልኩን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለ። ከልጆቹ አንዱ የአባቱን የይለፍ ቁጥር ያውቃል እንበል፤ ለቀብር ወጪ ብሎ ከቴሌብሩ ወይም በኤቲኤም ካርዱ ገንዘብ ያወጣል። ልቡ ቅን ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሰውየው ከሞተበት ሰዓት ጀምሮ ገንዘቡ የወራሾች ሁሉ፣ ከወራሾችም በፊት የዕዳ ጠያቂዎች መያዣ ነው። የወጣው ገንዘብ መቼ እንደወጣ መዝገቡ ቀንና ሰዓት ቆጥሮ ያሳያል። ለቀብር የሚያስፈልግ ገንዘብ ካለ ቤተሰቡ ከኪሱ ያውጣ፤ ደረሰኙን ይያዝ፤ በኋላ ከውርሱ ይተካለት። ሕጉ ለዚህ ቦታ አዘጋጅቷል፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ኪራይ ቤቱ እንምጣ። ብዙ ሰው ተከራዩ ሲሞት ውሉም አብሮ የሞተ ይመስለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 826 ግን በሞት የማይቋረጡ መብቶችና ግዴታዎች ወደ ወራሾች ይተላለፋሉ ይላል። ስለዚህ ቤቱ ተቆልፎ የሟች ዕቃ እስካለበት ድረስ አከራይ ኪራይ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የኪራይ ቤት ከሌላው ውርስ የሚለየው በዚህ ነው፤ መሬቱ፣ በሬው፣ የባንክ ገንዘቡ ቢዘገይ ይቆያል፤ የኪራይ ቤት ግን በየወሩ ከውርሱ ይበላል። መጀመሪያ መዘጋት ያለበትም እሱ ነው።

በላሊበላ ይህ ጉዳይ የራሱ ወቅት አለው። መምህሩ በኅዳር ሞተ ብለናል። ታኅሣሥ ሲገባ ከተማው ለገና ምእመን ይዘጋጃል፤ ሰው ከየአገሩ በእግሩም በመኪናም ይጎርፋል፤ አንዲት ክፍል ያለው ሁሉ እንግዳ ያሳርፋል። አከራዩ ቤቱን በዚያ ጊዜ ቢፈልገው እንጀራው ነው፤ በተለይም ኮሮናና ጦርነት ቱሪስቱን ካራቁት ወዲህ ከገና የሚገኘውን ገቢ የሚጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሐዘንተኛው ደግሞ አርባው ሳይወጣ የሟችን ዕቃ ማንሳት ይከብደዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። መፍትሔው መነጋገር ነው፤ አርባው እስኪወጣ ዕቃው በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ሌላው ክፍል ሊለቀቅ ይችላል፤ ወይም ወራሾች የዚያን ወር ኪራይ ከፍለው ቀን ይቆርጣሉ። የማይፈቀደው አንድ ነገር ነው፦ አከራይ ብቻውን ገብቶ ዕቃውን በረንዳ ላይ ማውጣት ወይም ለኪራይ ዕዳ ብሎ ቴሌቪዥኑን መያዝ። አከራይ ገንዘብ ቀሪ ካለው ከዕዳ ጠያቂዎች አንዱ ነው፤ በወረፋው ይጠይቃል።

ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን። ቃሉ ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢባል ይበቃል፦ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው የሟች ወራሾችና አከራይ፣ ሟች ተከራይተውት የነበረውን ሁለት ክፍል ቤት ዛሬ በምስክሮች ፊት ተረካክበናል። ኪራዩ እስከ ዛሬ ቀን ተከፍሏል። የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ንባብ ይህን ያህል ነው። በቤቱ የቀረ የሟች ዕቃ የለም። ቁልፉን አከራይ ተቀብለዋል።» ከዚህ በኋላ ቀን፣ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ። ሟች አስቀድሞ የከፈለው ኪራይ ወይም ማስያዣ ካለ ተመላሹ ስንት እንደሆነና ማን እንደተቀበለው እዚያው ይጻፍ፤ «ከእንግዲህ የምንጠያየቀው የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚጨመረው ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ ብቻ ነው። የተቀበለው ሰው ገንዘቡን ለራሱ አይደለም የያዘው፤ ለውርሱ ነው።

አብዛኛው የኪራይ ጭቅጭቅ የሚመጣው ውሉ በቃል ስለሆነ ነው። ሟች የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍሎ እንደነበር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ መቃብር ውስጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ይህን ለመዝጋት ሞክሯል፦ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ብዙ ሰው አዋጁን ያወቀው በአዲስ አበባ በኩል ስለ ኪራይ ጭማሪ ሲወራ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ተከራይ ወይም አከራይ ሲሞት የሚናገር ወረቀት ይተዋል። በባንክ የተከፈለ ኪራይ ምስክር አያስፈልገውም።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ለነበረ ቤተሰብ ነገሩ ይለያል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ሆኑ። በእነዚህ ቤቶች ልጅ ተወልዶ፣ ተድሮ፣ የልጅ ልጅ ያየ ቤተሰብ ስላለ ቤቱ የራሱ ይመስለዋል። አይደለም፤ የቀበሌ ቤት በኑዛዜ አይሰጥም፤ እንደ ንብረትም አይካፈሉትም። ከሟች ጋር ይኖር የነበረ የቤተሰብ አባል በኪራይ መቀጠል ይችል እንደሆነ የሚወስነው ቤቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በመመሪያው መሠረት ነው። ስለዚህ ሞቱ ሳይደበቅ በቶሎ ያመልክቱ። በሟች ስም ኪራይ እየከፈሉ ዝም ማለት ዛሬ ያስተኛል፤ ነገ ግን ከቤት ያስወጣል።

ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ወረቀቱ ይቀጥላል። የመጀመሪያው የሞት ምዝገባ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ የሚመዘገበውም በቀበሌ ነው። አርባው እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው የምዝገባው ጊዜ አልፎበታል ማለት ነው። ያለፈበትም ዘግይቶ ማስመዝገብ ይችላል፤ ግን ምክንያትና ማስረጃ ይጠየቃል።

ሁለተኛው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። ባንክ የሞት ምስክር ወረቀት ይዞ ለመጣ ልጅ ሁሉ ገንዘብ አይሰጥም፤ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ፍርድ ቤት እንዲነግረው ይፈልጋል። ውርስ የሚከፈተው ሟች በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ስፍራ ነው። መምህራችን ላሊበላ ይኖር ስለነበረ ልጆቹ አዲስ አበባም ወልድያም መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ አቤቱታው እዚሁ ባለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በውጭ አገር ያለ ወራሽ በኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ልኮ በወኪል ሊቆም ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ በደል የሚሠራው። አመልካቾቹ «የሟች ልጆች እኛ ሁለት ነን» ብለው ይምላሉ፤ ምስክሮችም ያጸናሉ፤ አዲስ አበባ ያለችው ልጅ ተዘለለች። አንዳንዴ በክፋት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን «እሷ የሌላ እናት ልጅ ናት» በሚል ልማድ ነው። ሕጉ ይህን ልማድ አያውቅም። በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እኩል ነው፤ ሴትና ወንድ እኩል ናቸው፤ በቁጥር 842 መሠረት የሟች ልጆች እኩል ይካፈላሉ፤ ከሟች ቀድሞ የሞተ ልጅ ልጆች ካሉት በአባታቸው ወይም በእናታቸው ቦታ ይገባሉ። የተዘለለችው ልጅ መብቷንና ንብረቱ በሌላ እጅ መሆኑን ካወቀች አንስቶ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ ትችላለች፤ ከሞቱ ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ካለፈ ግን በሩ ይዘጋል። የወራሽነት ማረጋገጫ ደግሞ ሰዎቹን ይናገራል እንጂ ንብረቱን አያካፍልም። ወረቀቱን ይዞ በሬውን መንዳት አይቻልም፤ ማጣራቱ ገና ይቀራል።

ስለ ሚስትየዋም ግልጽ እንናገር። በውርስ ሕጋችን ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። ይህን የሰማ የባል ወገን «እንግዲያማ ትውጣ» ይላል። ትልቅ ስሕተት ነው። በጋብቻ ዘመን የተፈራው ሀብት የጋራ ነው፤ እኩሌታው ከመጀመሪያው የእርሷ ነው። ለወራሾች የሚደርሰው የባሏ እኩሌታ ብቻ ነው። ስለዚህ ማጣራት የሚጀምረው የሚስቲቱን ድርሻ ከውርሱ ለይቶ በማውጣት ነው፤ ሁለቱ ሳይለዩ የሚደረግ ክፍፍል ሁሉ የሰው ሀብት መካፈል ነው። ጡረታዋም ከውርሱ አይደለም፤ በሟች ምክንያት ለቤተሰቡ የሚከፈል ጡረታና ካሣ ውርስ ውስጥ እንደማይገባ ሕጉ ለይቶ ጽፎታል። ዕዳ ጠያቂም ወራሽም አይነካውም።

መሬቱ ደግሞ በሌላ ሕግ ይሄዳል። አያቶቻችን በዚህ አገር ርስት በአባትም በእናትም ትውልድ ቆጥረው ይካፈሉ ነበር፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ ሥርዓት ቀረ። ዛሬ የገጠር ይዞታ የሚተላለፈው በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት ነው። የይዞታ ደብተሩን አውጥታችሁ እዩት፤ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ካለበት እርሷ በራሷ መብት ባለይዞታ ናት እንጂ የባሏን ውርስ ለማኝ አይደለችም። የሟች ድርሻ ወደ ማን እንደሚተላለፍ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በመዝገቡ ያስተካክላል፤ ደብተሩን አንዱ ልጅ ቤቱ ወስዶ መቆለፉ ለማንም መብት አይሰጥም።

አሁን ዕዳው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሰውየው የውጭ አገር ሰው ቢሆኑም ቁጥር 1014ን ሳነብ ሁልጊዜ የሐዘን ቤታችንን ያዩ ይመስለኛል። ከውርሱ መጀመሪያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ ውርሱን ለማስተዳደርና ለማጣራት የወጣው፤ ሦስተኛ የሟች ዕዳ፤ አራተኛ የቀለብ ዕዳ፤ በመጨረሻ በኑዛዜ ለይቶ የሰጠው ስጦታ። ከዚህ የተረፈው ነው ለወራሾች የሚከፈለው። ሳይጣራ የቆየ ውርስ ራሱን የቻለ ንብረት ሆኖ ይቆያል እንጂ ከወራሾች የግል ሀብት ጋር አይቀላቀልም። የመምህሩ የብድር ዕዳ፣ የኪራይ ቀሪው፣ የእቁብ መዋጮው የሚከፈሉት ከዚህ ነው፤ አበዳሪ ልጁን ከራሱ ደመወዝ ክፈል ሊለው የሚችልበት ምክንያት የሚመጣው ልጁ ሳያጣራ ወስዶ ሲያቀላቅለው ነው።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ በእኛ አገር በየአደባባዩ ቢነበብ እመኛለሁ። የቀብር ወጪ ቅድሚያ የሚያገኘው ለሟች የኑሮ ደረጃ ተገቢ በሆነው መጠን ብቻ ነው፤ የተዝካር ወጪ ደግሞ፣ ልማዱ ቢያዝም እንኳ፣ ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። ይህ ማለት አርባውን ለመደገስ የሟችን በሬ የሸጠ ሰው ዕዳ ጠያቂ ቢመጣበት ከራሱ ይተካል ማለት ነው። ተዝካርን የሚነቅፍ ሰው አይደለሁም። ጸሎቱ፣ ቁርባኑ፣ ለድኻ የሚደረገው ምጽዋት የእምነታችን ነው፤ ማንም አይከለክለውም። የሚያሳዝነኝ ግን አባት ያልበላውን በሬ ለቀስተኛ በልቶት ልጆቹ በሚቀጥለው ክረምት የሚያርሱበት ሲያጡ ነው። ከዚህም የሚብሰው ዕዳ ጠያቂ ዝም ባለበት ሰሞን ድግሱ ተደርጎ፣ በመጋቢት ወር አበዳሪው ሲመጣ ልጆቹ ተበዳሪ ሆነው መገኘታቸው ነው። ተዝካር መደገስ የሚፈልግ ወንድም ከራሱ ይደግስ፤ የወላጅ አልባ ሕፃናትን ድርሻ ግን አይንካ። የንስሐ አባቶችም ይህን ለመንጎቻችሁ ብትነግሩ ከእኔ ንግግር የበለጠ ይሰማል።

ማጣራቱን ማን ይሠራል? ወራሾቹ ራሳቸው ከሞቱ ቀን ጀምሮ አጣሪ ናቸው፤ ሟች በኑዛዜ ሌላ ሰው ሊሾም ይችላል፤ ወራሾች ካልተስማሙ ወይም ጥቅማቸው ከተጋጨ ፍርድ ቤት አጣሪ ይሾማል። ሽማግሌዎቻችን ከዚህ ጎን ትልቅ ቦታ አላቸው፤ በሬውን፣ ቀፎውን፣ ዕቃውን ገምቶ ማስማማት ከችሎት ይልቅ እነሱ ይችሉበታል። የሽምግልናው ውጤት ግን ይጻፍ፤ ሕፃናት ካሉበት ደግሞ ሞግዚታቸው በሌለበት አይፈረም።

ኑዛዜን ሳላነሳ ብቀር ግማሹን ሥራ ትቼ ነው። የመምህሩ እናት በሕይወት አሉ ብለናል። ልጆች ስላሉት እናት በሕግ አይወርሱም፤ ለሠላሳ ዓመት የልጃቸውን እጅ ሲያዩ የኖሩ እናት ከውርሱ የሚያገኙት ቢበዛ የቀለብ ጥያቄ ነው። ይህን ሊያስተካክል ይችል የነበረው ልጁ ራሱ በቁሙ ነው። ብዙዎቻችን በሞት አልጋ ላይ እንናገራለን ብለን እንጠብቃለን። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይፈልጋል፤ ሊናገር የሚችለውም ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ስለ ሕፃናት ልጆቹ ጠባቂ፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ስላልበለጡ ስጦታዎች ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በቅዳሜ ገበያችን ጥሩ ዶሮ እንኳ ላይገዛ ይችላል። ተናዛዡ ሦስት ወር ከተረፈም ቃሉ ይሻራል። ስለዚህ ኑዛዜ በጤና ጊዜ ይጻፍ። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑም በራሱ በጽሑፉ ይገለጻል፤ ወዲያው ይፈረማል። በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡን ባለመጻፉ ብቻ የሚፈርስ ኑዛዜ አለ፤ የሟች ሐሳብ ግልጽ ሆኖ ሳለ በአንድ መስመር ጉድለት ይቀራል። በራስ እጅ የሚጻፈው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል።

ይህን ሁሉ የምለው አገሩ ሰላም ሆኖ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እንደሠራ አድርጌ አይደለም። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በጦርነቱ ከተያዘች በኋላ ባንክ፣ መብራት፣ ስልክ፣ ችሎት ለወራት ጠፉ፤ በዚያ ጊዜ የሞቱ ሰዎች ሳይመዘገቡ ተቀበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው ግጭትም መንገዱንና ኢንተርኔቱን ዘጋው። ከእነዚያ ወራት የቀረ ያልተመዘገበ ሞት፣ ያልተጣራ ውርስ ያለባችሁ ቤተሰቦች ብዙ ናችሁ። የቀበሩት ሰዎች፣ ፍትሐት ያደረሱት ካህን፣ የቅሬው መዝገብ ዛሬም አሉ፤ ምስክር በሕይወት ሳለ አስመዝግቡ። የ3 ዓመቱና የ15 ዓመቱ ጊዜ እየሄደ ነው።

አንድ ነገር ለቅሬ ዳኞች ልለምን። ቅሬው ለድንኳን፣ ለወንበር፣ ለቆፋሪ ተጠሪ አለው። ለቁልፍና ለቆጠራም ሁለት ሰው ይመድብ፤ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ከሟች ቤተሰብ ያልሆኑ። ከቀብር መልስ ቤቱን ያስቆልፉ፤ ዕቃውን ያስቆጥሩ፤ በ30 ቀን ውስጥ ሞቱ መመዝገቡን ይከታተሉ፤ የኪራይ ቤት ከሆነ በርክክቡ ወረቀት ላይ ይፈርሙ። አከራዮች ሆይ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሳይመጡ የሟችን በር አትክፈቱ። ተከራዮች፣ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ የት እንዳስቀመጣችሁትም ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ።